ነገረ አረፋ

ሳሙናው ቀይ ይሁን አረንጓዴ፣ ቢጫ ይሁን ሰማያዊ፣ በውሃ ታሽቶ ባረፋ ጊዜ አረፋው ነጭ ከመሆን በቀር የሳሙናውን መልክ ይዞ እንደማይወጣ ልብስ ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያው ከሳሙናው ውሃ አንዲት አረፋ ብቻ በሸምበቆ ነፍተው ወደ ፀሓይ ቢያነሷት ደግሞ አንድ ጊዜ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራች፣ አንድ ጊዜ በቀስተ ደመና ኅብር የተሸለመች፣ ልትፈነዳ ስትቃረብም እንደገና መልክ የሌላት ሆና ትታያለች። ይህን የሚያህል ተራ ነገር ምክንያቱ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ የዘገየበትም ምክንያት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ የሊቃውንቱ ስንፍና ሳይሆን የጥያቄው ጠባይ ነው፤ አንድ ጥያቄ መስሎ ይቅረብ እንጂ የአረፋው ክምር የሚነጣበት ምክንያት ሌላ፣ ነጠላዋ አረፋ የምትጠራበት ምክንያት ሌላ ነውና፣ አንዱን የፈታ ሰው ሁሉንም የፈታ እየመሰለው ሲያልፍ ኖሯል። በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥንታውያን መካከል ነገሩን በጽሑፍ ያነሣው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የጽርእ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ነው። ስለ እንስሳት ልደት በደረሰው መጽሐፍ ውስጥ ዘርዐ እንስሳ ስለ ምን ነጭ እንደሚሆን ሲመረምር፣ አረፋ ከውሃና ከነፋስ የተዋሐደ ነገር መሆኑን፣ ነጠላ አረፋዎቹም እየደቀቁ ለዓይን የማይለዩ እስከ መሆን በደረሱ መጠን ንጣቱ እየበረታ እንደሚሄድ፣ ውሃና ዘይትም አብረው በተመቱ ጊዜ እንደሚወፍሩና እንደሚነጡ ጽፏል። ንጣት ከድቀት ጋር አብሮ መሄዱን ያየው ዓይኑ አልተሳሳተም፤ ስለ ምን አብሮ እንደሚሄድ ግን በዘመኑ ስለ ብርሃን ከሚታወቀው ነገር ሊያገኘው አይችልም ነበረ። ከእርሱ በኋላ የተነሡት መምህራንም ነጭና ጥቁር የቀለማት ሁሉ ወላጆች ናቸው፣ የቀሩትም በነዚህ በሁለቱ መቀላቀል የተገኙ ናቸው የሚለውን ትምህርቱን ተቀብለው ሲያስተምሩ ስለ ኖሩ፣ ንጣት ራሱ ከሌላ ነገር የተገኘ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር ሳይነሣ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ።

በ1664 ዓ. ም. ሮበርት ቦይል የተባለ፣ በአየርላንድ ከባለጸጋ ቤት የተወለደ ጠቢብ፣ ስለ ቀለማት ያደረጋቸውን ሙከራዎች በመጽሐፍ አሳትሞ አወጣ። ነጭ የሚባለው አካል፣ ገጹ ቍጥር በሌላቸው ጥቃቅን መስተዋቶች የተነጠፈ ያህል ሆኖ፣ የመጣለትን ብርሃን ሳይለውጥ ወደየማዕዘኑ የሚበትን ነው ብሎ አስተማረ፤ ለዚህም ምስክር አድርጎ ያቀረበው ውሃ ተንጦ ሲያረፋ፣ የእንቁላል ነጩ ክፍል ተመትቶ ሲኰፈስ፣ ጥርት ያለ መስተዋትም ተወቅጦ ሲልም፣ አንዳች ነገር ሳይጨመርባቸው ከመጥራት ወደ መንጣት መሸጋገራቸውን ነው። ስለ አረፋ ክምር ዛሬ ከሚባለው ነገር እኩሌታው በዚያ ጊዜ ተነግሮ አልቋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ይኸው ሰው በዚያው መጽሐፍ፣ ቀለም ያልገባበት የሳሙና ውሃ ተነፍቶ ሲሳሳ ልዩ ልዩ ቀለማት እንደሚያሳይ ጽፎ ሳለ፣ የነጠላዪቱን አረፋ ኅብርና የክምሩን ንጣት አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው እንጂ አላገናኛቸውም።

ቦይልን በሙከራ ሥራው ይረዳው የነበረ ሮበርት ሁክ የተባለ ወጣት ነበረ፤ እጁ ብልህ፣ ዓይኑ ስል፣ ጠባዩ ግን ለጠብ የቀረበ ሰው ነው። በ1665 ዓ. ም. ባወጣው ማይክሮግራፊያ በተባለው ታላቅ መጽሐፉ፣ ሚካ የሚሉትን ድንጋይ እየሰነጠቀ ወደ ስስ ገለፈት ባደረሰው ጊዜ ቀለማት እንደሚወጡበት፣ ከልክ በላይ በወፈረ ወይም ከልክ በላይ በሳሳ ጊዜ ግን ቀለማቱ ጠፍተው ጥርት ብሎ እንደሚቀር ገለጸ። ከሰባት ዓመት በኋላም፣ በ1672 ዓ. ም. በማርች ወር፣ ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሎንዶን የሊቃውንት ማኅበር የሳሙና አረፋ ነፍቶ ያየውን በዝርዝር አስረዳ፤ አረፋዋ ገና ስትነፋ ነጣ ያለችና የጠራች፣ ምንም ቀለም የማይታይባት እንደ ነበረች፣ ጥቂት ቆይታ ገለፈቷ እየሳሳ ሲሄድ ቀለማት ሁሉ በገጿ ላይ እንደ ተገለጡ፣ በፍጻሜዋም ጊዜ ቀዳዳ የሚመስሉ ጨለማ ነጠብጣቦች እንደ ታዩባት ነገራቸው። ቀዳዳ ከሆኑ አረፋዋ ስለ ምን አልፈነዳችም? ሁክም ቅርጿን ጠብቆ የያዘው የማይታይ አካል ምን ይሆን እያለ ተደነቀ። አረፋ መልክ የምታጣው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ ስትወለድና ልትሞት ስትቃረብ መሆኑን እንዲህ አድርጎ ለይቶ የመሰከረው እርሱ ነውና፣ በኋላ በደረሰበት ክርክር ምክንያት ይህ ምስጋና ሊነፈገው አይገባም። የገለፈቱን ውፍረት ለመለካት ግን መንገድ አላገኘም፤ ጭንቁንም አልሸሸገም።

በዚያው ዓመት፣ ሰባት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ለዚያው ማኅበር አንድ ደብዳቤ ተነቦ ነበረ። ጸሐፊው በኬምብሪጅ የሒሳብ መምህር የነበረው የ29 ዓመቱ አይዛክ ኒውተን ነው። በ1665 ዓ. ም. ቸነፈር ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ዉልስቶርፕ ተመልሶ የጀመረውን የብርሃን ምርምር ሲያስረዳ፣ በቀዳዳ የገባ የፀሓይ ጮራ ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት ውስጥ ሲያልፍ ከቀይ እስከ ሐምራዊ እንደሚዘረዘር፣ የተዘረዘረውም ተመልሶ ሲሰበሰብ ነጭ እንደሚሆን፣ ስለዚህም ነጭ ብርሃን የቀለማት ሁሉ ማኅበር እንጂ ቀለም የሌለው ጥሬ ብርሃን አለመሆኑን አስታወቀ። ይህ የአርስጣጣሊስን ትምህርት ከሥሩ የሚገለብጥ ነገር ነበረ። ሁክ ተቃወመው፤ ክርክሩም መረረ፤ ኒውተን ነቀፌታ የማይችል ሰው ስለ ነበረ የብርሃንን ምርምር በሙሉ የያዘውን መጽሐፉን ሳያሳትም ብዙ ዓመት አቆየው፤ ኦፕቲክስ ተብሎ የታተመው በ1704 ዓ. ም.፣ ሁክ በሞተ በዓመቱ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነጭ የቀለማት ድምር መሆኑን ለማስረዳት ከቀረቡት ሙከራዎች አንዱ ከማንኛውም ገንዳ አጠገብ ሊታይ የሚችል ነው። ኒውተን ሳሙና የገባበትን ውሃ እስኪያረፋ ድረስ ናጠው፤ ጥቂትም አሳረፈው፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን አቅርቦ ትክ ብሎ ቢመለከት በየአረፋው ገጽ ላይ ልዩ ልዩ ቀለማት ታዩት፤ አንዱ ቀለም ከሌላው እስከማይለይበት ርቀት ወደ ኋላ ቢመለስ ግን አረፋው በሙሉ ፍጹም ጸዓዳ ሆነ። ሠርገኛ ጤፍ በእፍኝ ተዘግኖ ሲታይ ቀዩና ነጩ ቅንጣት እየተለየ፣ በአውድማ ተከምሮ ከሩቅ ሲታይ ግን አንድ መልክ ብቻ እንዳለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ከብርሃን ቀለማት መደባለቅ የሚገኘው መልክ ነጭ መሆኑ ብቻ ነው። ከዚህ ወዲያ የአረፋው ክምር ነገር አልተቸገረም፦ ቦይል እንዳለው በሺህ የሚቈጠሩ ጥቃቅን ገጾች ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትናሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ቢያሳይም ኒውተን እንዳየው ዓይን ሁሉንም በአንድነት ይቀበላል፤ የሳሙናው ማቅለሚያ ደግሞ በዚያ ስስ ገለፈት ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ከዚህ ሁሉ ነጸብራቅ መካከል ድምፁ አይሰማም። በነገረ ብርሃን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ርካሽ መሣሪያ ይህን የሚያህል ትልቅ ነገር የመሰከረበትን ጊዜ እኔ አላስታውስም፤ ሆኖም የመስተዋቱ ሙከራ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የአረፋው ሙከራ ብዙ ጊዜ ተዘሎ ያልፋል።

የነጠላዪቱ አረፋ ነገር ግን ገና ቀርቶ ነበረ። ኒውተን አንዲት አረፋ በውሃ ላይ አቁሞ፣ የአየሩ ንቅናቄ ቀለሟን እንዳያውክበት በጠራ መስተዋት ከደናት። እንዲህ በጸጥታ ስትጠበቅ ውሃው ከአናቷ ወደ ታች በዝግታ ይወርድ ነበርና፣ አናቷ ከሁሉ አስቀድሞ እየሳሳ፣ ቀለማቱ ከዚያ እንደ ቀለበት እየወጡ፣ እየሰፉ፣ እርስ በርሳቸው እየተከተሉ ወደ ታች ሲወርዱ በተራቸው ተመለከታቸው። በመጨረሻው ዙር ከቀይ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከቢጫ ቀጥሎ የብር መልክ ያለው ነጭ፣ ከዚያም ሰማያዊ ከመጣ በኋላ፣ በአናቷ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ፤ ይህም ነጥብ አንዳንድ ጊዜ የኢንች እኩሌታ ወይም ሦስት ሩብ እስኪሆን ድረስ ይሰፋ ነበረ። ሁክን ያስደነቀው ቀዳዳ መሰል ነገር ይህ ነው። ኒውተን ግን ዓይኑን አሰልቶ ቢመለከት የሻማና የፀሓይ ምስል እጅግ ደብዝዞ ከዚያ ከጥቁሩም ላይ፣ በጥቁሩም ውስጥ ካሉት ይልቁን ከጠቈሩት ነጠብጣቦች ላይ ሲመለስ አገኘ፤ ስለዚህ ገለፈቱ እንዳለ አወቀ፤ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ምስል የሚመልስ ነገር ባልኖረ ነበር።

ሁክ ያቃተውንም መለኪያ ኒውተን አገኘው። ጎበጥ ያለ መስተዋት በዝርግ መስተዋት ላይ አጋድሞ፣ በመካከላቸው ካለው ረቂቅ አየር የሚወጡትን የቀለም ቀለበቶች ስፋት ለካ፤ ከመስተዋቱም ጉብጠት ተነሥቶ በየቀለበቱ ላይ ያለውን ውፍረት አሰላ፤ ይህንም ለአየር፣ ለውሃና ለመስተዋት በሠንጠረዥ አቀረበው። በዚያ ሠንጠረዥ መሠረት የውሃ ገለፈት የብር መልክ ያለውን ነጭ የሚያሳየው ውፍረቱ የአንድ ኢንች 4 ሚሊዮንኛ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ይህም ዛሬ በሚሠራበት መለኪያ 1 ሚሊሜትር ለ10,000 ተከፍሎ የአንዱ እጅ ያህል ነው። ከዚህ በላይ እየወፈረ በሄደ መጠን ቀለማቱ ዙር በዙር እየተመለሱ፣ በየዙሩም እየደበዘዙ፣ በመጨረሻ በነጭ ይሰወራሉ። ስለ ምን እንደዚህ እንደሚሆን ሲጠየቅ ግን የብርሃን ቅንጣት በየርቀቱ አንዴ ለመንጸባረቅ፣ አንዴ ለማለፍ የሚመቸው ተራ አለው ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም፤ ይህም በእኔ አስተያየት መልስ ሳይሆን ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገም ነው።

ቀሪውን የፈታው በ1773 ዓ. ም. በሶመርሴት አውራጃ የተወለደው ቶማስ ያንግ ነው። ሙያው ሕክምና ነበረ፤ በልጅነቱ ከተማራቸው ብዙ ልሳናት መካከልም የእኛው ግእዝ እንደሚገኝበት የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ያወሳሉ። በኖቬምበር ወር 1801 ዓ. ም. በሮያል ሶሳይቲ ባደረገው ንግግር ብርሃን እንደ ሞገድ የሚጓዝ ነገር ነው ብሎ ተነሣ። በአረፋ ገለፈት ላይ ያረፈ ብርሃን ጥቂቱ ከውጭኛው ገጽ፣ ጥቂቱም ገለፈቱን ዘልቆ ከውስጠኛው ገጽ ይመለሳል፤ ሁለቱ ሞገዶች ወደ ዓይን ሲመጡ ሁለተኛው ረዘም ያለ መንገድ ተጉዞ ስለ ሆነ፣ የአንዱ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ቢገጥም ይደጋገፋሉ፣ ከፍታው ከዝቅታው ጋር ቢገጥም ይጠፋፋሉ። ቀይ ሞገድ ረጅም፣ ሐምራዊ ሞገድ አጭር ነውና፣ በአንድ ውፍረት ላይ አንዱ ቀለም ሲጠፋ ሌላው ይደምቃል። ያንግ የኒውተንን ሠንጠረዥ ወስዶ የሞገዶቹን ርዝመት አሰላ፤ የመጨረሻው ቀይ የአንድ ኢንች 27 ሚሊዮንኛ ገደማ፣ የመጨረሻው ሐምራዊ 17 ሚሊዮንኛ ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ኒውተን ሞገድን ሳያምን የለካው ልኬት ለሞገድ ምስክር ሆኖ ቆመ።

የጥቁሩም ነጥብ ነገር በዚሁ ተፈታ። ከሁለቱ ነጸብራቆች አንዱ ሲመለስ ይገለበጣል፤ ገለፈቱ እጅግ ሲረቅ የመንገዱ ልዩነት ከምንም ስለማይቈጠር፣ የተገለበጠውና ያልተገለበጠው እርስ በርሳቸው ይሰርዛሉ፤ ሁሉም ቀለም በአንድነት ይጠፋል። ያንግ ይህን ለመፈተን ሳሳፍራስ ከሚባለው ዛፍ የሚወጣ ዘይት በሁለት ልዩ ልዩ ዐይነት መስተዋቶች መካከል አደረገ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ነጸብራቆች በአንድ ዐይነት ሁኔታ ስለሚመለሱ፣ አስቀድሞ ጥቁር የነበረው የቀለበቶቹ መካከል፣ እንደ ተነበየው፣ ነጭ ሆነ። ሆኖም ሄንሪ ብሩም የተባለ ጸሐፊ በ1803 ዓ. ም. ኤዲንብራ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ስሙን ሳይገልጥ አዋረደው፤ ያንግ የመልስ ጽሑፍ ቢያሳትምም የተሸጠው አንድ ቅጂ ብቻ እንደ ነበረ እርሱ ራሱ ተናግሯል።

ገና የተነፋች አረፋ ስለ ምን እንደምትጠራ የሚያስረዳውም ይኸው ስሌት ነው። ገለፈቷ 5 ሺሕኛ ሚሊሜትር ያህል ቢወፍር ከቀይ እስከ ሐምራዊ ባለው ክልል ውስጥ የሚደጋገፉት ሞገዶች 14 ያህል ይሆናሉ፤ በመካከላቸውም የዚያኑ ያህል ይጠፋሉ፤ ከየቀለሙ ጥቂት ጥቂት የተረፈለት ዓይን ነጭ ከማለት በቀር ሌላ ስም ሊሰጠው አይችልም። የብር መልክ ያለው ነጭ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ያ ገለፈቱ ለቀለማቱ ሁሉ ተስማምቶ አንዱንም ስለማይሰርዝ የተገኘ ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል በ1823 ዓ. ም. ያቀረበው የነጸብራቅ ስሌት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረበት፤ ፊት ለፊት ከሚመጣ ብርሃን የውሃ ገጽ የሚመልሰው ከ100 እጅ 2 ያህል ብቻ ነውና፣ ሁለቱ ገጾች ቢደጋገፉ እንኳ ከ8 እጅ አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ያልፋል። ስለዚህ በብሩህ ሰማይ ወይም በነጭ ግድግዳ ፊት የምትንሳፈፍ አረፋ ቀለም ቢኖራትም ከኋላዋ የሚመጣው ብርሃን ይውጠዋል፤ ጥቁር ጨርቅ ከኋላዋ ቢዘረጉ ግን በዚያው ቅጽበት ኅብሯ ይገለጣል። ልብ ብሎ ላየው፣ አረፋ ጥርት ብላ ከምትታይባቸው ጊዜያት የሚበዙት ከዚህ የተነሣ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የነገሩ መሪ የሆነው ሰው ቀለማቱን ማየት የማይችል ነበረ። በ1801 ዓ. ም. በብራሰል የተወለደው ዦዜፍ ፕላቶ፣ በወጣትነቱ ስለ ዓይን ሲመራመር በ1829 ዓ. ም. ፀሓይን ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አይቶ ነበረ፤ በ1843 ዓ. ም. ዓይኑ ፈጽሞ ጠፋ፤ መታወሩ ከዚያ የመጣ ነው ሲባል ቢኖርም በኋላ የመረመሩት ሐኪሞች በሌላ ሕመም ማመኻኘትን ይመርጣሉ። በጌንት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ይህ ሰው ከዚያ ወዲያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሳሙና ገለፈትን መረመረ፤ ልጁ ፌሊክስ፣ አማቹ ቫን ደር መንስብሩግ፣ ሌሎችም ወዳጆቹ ሽቦውን እያጠለቁ፣ ያዩትን ቀለምና የቆየበትን ጊዜ እየነገሩት፣ እርሱ በልቡ እያሰላና እየጠየቀ ይሠሩ ነበር። የማርሴይ ሳሙናና ግሊሰሪን አዋሕዶ ያዘጋጀው ፈሳሽ፣ በተራ የሳሙና ውሃ በጥቂት ደቂቃ የሚጠፋውን ገለፈት ለብዙ ሰዓታት አቆየለት። በ1873 ዓ. ም. በሁለት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ትምህርት መሠረት ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ያላያቸውን ገለፈቶች ቀለም ደግሞ፣ ካየ ሰው ይልቅ አጥርቶ ጽፎበታል።

በእንግሊዝ አገር ሬኖልድና ሩከር የተባሉ ሁለት ባልንጀሮች የጥቁሩን ገለፈት ውፍረት ለክተው የአንድ ሚሊሜትር 12 ሚሊዮንኛ ያህል ሆኖ አገኙት። ቻርልስ ቨርነን ቦይስ በ1889 ማለቂያና በ1890 መባቻ ለልጆች ያሰማውን የአረፋ ትምህርት ደግሞ የክርስትናን ዕውቀት ለማስፋፋት የተቋቋመው የእንግሊዝ ማኅበር በመጽሐፍ አሳተመው፤ የመንፈሳዊ መጻሕፍት አሳታሚ ለሳሙና አረፋ ቦታ መስጠቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዛሬ በየቤታችን ፔርሙስ የምንለውን ዕቃ የፈለሰፈው ጀምስ ድዋር በበኩሉ በሽምግልናው ወደ አረፋ ተመልሶ፣ ከአቧራና ከንፋስ በተጠበቀ ዕቃ ውስጥ አንድ ገለፈት ከሦስት ዓመት በላይ ሳይቀደድ አኖረ፤ በ1923 ዓ. ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም ከዚህ ሥራ አልተለየም።

ነገሩ ሁሉ በዚህ ያለቀ በመሰለበት በ20ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ይኖር የነበረ ቲም ኪሆ የተባለ የአሻንጉሊት ፈልሳፊ፣ ከቀስተ ደመናው ተለይታ በሙሉ አካሏ አንድ ቀለም ብቻ የምትሆን አረፋ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ነገሩ ለሚሰማው ቀላል ይመስላል፤ የምግብ ቀለም በሳሙና ውሃ ላይ ማፍሰስ ነውና። እርሱም በየጊዜው ልዩ ልዩ ማቅለሚያ እየጨመረ ቢነፋ አረፋዎቹ እንደ ወትሮው የጠሩ ሆኑ፤ ቀለሙ ከውሃው ጋር ወደ ታች ወርዶ ከአረፋዋ ሥር ጠብታ ሆኖ ተንጠለጠለ፤ ስትፈነዳም ግድግዳውንና ልብሱን አበላሸ። በ5 ሣንቲ ሜትር ብርጭቆ ውስጥ የሚደምቅ ቀለም፣ 1 ሺሕኛ ሚሊሜትር በሆነ ገለፈት ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት መንገድ 50,000 ጊዜ ስለሚያጥር፣ ያን ያህል እጥፍ ካልበረታ በቀር አይታይም፤ ያን ያህል ማቅለሚያ የገባበት ውሃ ደግሞ አረፋ መሆኑ ይቀራል።

ኪሆን ያወጣው ራም ሳብኒስ የተባለ የማቅለሚያ ኬሚስት ነው። ሳብኒስ ማቅለሚያውን በውሃው ውስጥ ከመበተን ይልቅ፣ የገለፈቱን ሁለት ገጾች ከሚያለብሰው ከሳሙናው ቅንጣት ጋር አያያዘው፤ እንዲህም በማድረጉ ውሃው ቢወርድ ቀለሙ በገጹ ላይ ቀረ። የማቅለሚያው ቅንጣት ደግሞ ቀለበት መሰል ክፍል አለው፤ ክፍት ሲሆን ብርሃን ይውጣል፣ ስለዚህ ቀለም ይታያል፤ አየር፣ ውሃ ወይም የእጅ ማሻሸት ሲያገኘው ይዘጋል፣ መልኩም ይጠፋል። ፖፑላር ሳይንስ የተባለው መጽሔት በ2005 ዓ. ም. ለዚህ ፈጠራ ትልቅ ሽልማት ሰጠው፤ ዕቃው ዛብልስ ተብሎ በ2009 ዓ. ም. ለገበያ የቀረበው በሁለት ቀለም፣ በሰማያዊና በሮዝ ብቻ ነበረ፤ በልብስ ላይ ፈንድቶ የሚተወውም ነጠብጣብ ጥቂት ሲታሽ መልኩ ይጠፋል።